የቢትኮይን ማሽን ለቤት? መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩት

ከፈረስ ቤትም ከፍኖተ ሰላምም «የትኛውን ማሽን ልግዛ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። እንደ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ልመልስ።

አንትማይነር ኤስ19 የተባለው ቢትኮይን ማውጫ (በ95 ቴራሃሽ የስሌት ፍጥነት) 3,250 ዋት ይበላል፤ ኤስ21 (200 ቴራሃሽ) ደግሞ 3,500 ዋት። በተቀራራቢ መብራት አዲሱ እጥፍ ይሠራል፤ በርካሽ የተገኘ አሮጌ ማሽን ወጪው የሚመጣው በኋላ ነው። 3,500 ዋት የአንድ ኤሌክትሪክ ምጣድ ያህል ነው፤ ግን ምጣዱ ጋግሮ ይጠፋል፣ ይኼ 24 ሰዓት ይሠራል፦ በቀን 84 ኪሎዋት ሰዓት! በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ቀጭን ገመድና ተራ ሶኬት ሊቀልጡ ይችላሉ። የቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ይንራል። ጩኸቱማ 75 ዴሲቤል ነው፤ ጎረቤት አይችለውም።

ቢታክስ የምትባለው ትንሿስ? 15 ዋት ገደማ ናት፣ ድምፅዋም እምብዛም አይሰማም። ሆኖም በ1.2 ቴራሃሽ ብቻዋን አንድ ብሎክ (ሽልማት የሚያስገኝ የግብይት ጥቅል) ለማግኘት፣ በዛሬው የዓለም ውድድር በአማካይ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ሎተሪ በሏት። ለመማሪያ ግን እወዳታለሁ።

በአገራችን ቢትኮይን የማውጣት ሥራን በስፋት የያዙት ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ በከፍተኛ መስመር የሚሠሩ ኩባንያዎች ናቸው። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። ስለዚህ ለመኖሪያ ቤት ኤስ19ንም ኤስ21ንም አትግዙ።