ኤስኪውላይት፦ ሲናገርና ዝም ሲል

ከአሰላ እስከ በቆጂ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ስሙን ሰምቶት ባያውቅም፣ ኤስኪውላይትን በኪሱ ይዞ ይዞራል። የተላላከው መልእክት፣ የመዘገበው ስልክ ቁጥር፣ የደወለላቸው ሰዎች ዝርዝር የሚቀመጠው በዚህ ዳታቤዝ ነው። የብዙ አገር ስታቲስቲክስ መስሪያ ቤቶች የሚገለገሉበት ሲኤስፕሮ የተባለ የመጠይቅ ሶፍትዌርም የተሞላውን ቅጽ የሚያኖረው በዚሁ ነው። ጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ፣ በታብሌት የተመዘገበ የአንድ ገበሬ የስንዴ ምርት ከተማ እስኪገባ ድረስ እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ ይቆያል።

ኤስኪውላይት ለብቻው ተነስቶ የሚሰራ ፕሮግራም አይደለም፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ ነው። እንደ ኦራክልና ፖስትግሬስ ያሉ ዳታቤዞች ሰርቨር ይፈልጋሉ፤ ሰርቨሩ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ኤስኪውላይትን ግን ፕሮግራመሩ ከራሱ ኮድ ጋር አብሮ ኮምፓይል ያደርገዋል፤ ሰንጠረዡም ኢንዴክሱም መረጃውም ዲስክ ላይ በአንድ ፋይል ይጠቃለላል። ሀሳቡ የተወለደው ከሰርቨር ችግር ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሂፕ ለአንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ሶፍትዌር በሚሰራበት ጊዜ የዳታቤዝ ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር የእሱም ፕሮግራም አብሮ ይቆም ነበር። በቀጥታ ከዲስክ የሚያነብ ዳታቤዝ ለምን አይኖርም ብሎ ተነሳና በ2000 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን እትም አወጣ። የቅጂ መብቱንም ለህዝብ ስለለቀቀው ማንም ሰው ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል። መብራት እየሄደ፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ለሚሰራ ፕሮግራመር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ችግር ሲገጥም ላይብረሪው አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል፤ የማይሰማው ጠሪው ነው። አብዛኛው ጥሪ ቁጥር ይመልሳል። 0 ደህና ነው፣ 100 ረድፍ ተገኝቷል፣ 101 ስራው አልቋል ማለት ነው። 5 ከመጣ ፋይሉ በሌላ ተይዟል፤ 11 ተበላሽቷል፤ 14 መክፈት አልተቻለም፤ 21 ላይብረሪው ያለ አግባቡ ተጠርቷል። ጀማሪ የሚጽፈው የሲ ኮድ ግን ይህን ቁጥር ተቀብሎ አያየውም። ለምሳሌ የፋይሉን አድራሻ አሳስቶ ከጻፈ ላይብረሪው በተሳሳተው ቦታ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ይፈጥርለታል፤ ቀጥሎም «እንዲህ የሚባል ሰንጠረዥ የለም» ይለዋል። ሰውየው መረጃዬ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፤ መረጃው ግን የድሮው ፎልደር ውስጥ እንዳለ ነው።

እንበልና ኢተያ አካባቢ አንድ የገበሬዎች ህብረት ስራ ማህበር ስንዴና የቢራ ገብስ ይረከባል። በአንዱ ፕሮግራም ሚዛን ላይ ያለው ሰራተኛ ይመዘግባል፤ በሌላው ሂሳብ ክፍሉ ክፍያ ያወጣል፤ ሁለቱም የሚከፍቱት አንድ ፋይል ነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ወረፋው ሲረዝም ሚዛኑ ጋ «ዳታቤዙ ተቆልፏል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ቁጥር 5 ማለት ነው። ብዙዎች ወዲያው የሚያደርጉት የመጠበቂያ ጊዜውን ማስረዘም ነው። ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው፤ ቁልፉን ማን እንደያዘ ካልታወቀ ግን ችግሩን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይሆናል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሂሳብ ክፍሉ ጋ ይገኛል፦ ፕሮግራሙ ትራንዛክሽን ከፍቶ «ይከፈል?» ብሎ ይጠይቅና ሰራተኛው መልስ ሳይሰጥ ምሳ ይወጣል፤ ወይም የተጀመረ ጥያቄ ፋይናላይዝ ሳይደረግ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መጀመሪያ መልሱን ተቀብሎ ትራንዛክሽኑን ከዚያ በኋላ መክፈት፣ ጨርሶም ወዲያው መዝጋት ነው መድኃኒቱ። በ2010 እ.ኤ.አ. የመጣው ዋል የተባለው አሰራርም ጸሐፊና አንባቢ እንዳይጠባበቁ ያደርጋል፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድ ኮምፒውተር ላይ እስካሉ ድረስ። ፋይሉን በኔትወርክ አጋርቶ ከሁለት ኮምፒውተር መክፈት ግን ዳታቤዙን ለብልሽት ማጋለጥ ነው።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልጨምር። ምዝገባ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ከዳታቤዙ ጎን «ጆርናል» የሚል ቅጥያ ያለው ትንሽ ፋይል ሊቀር ይችላል። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ዳታቤዙ እንደገና ሲከፈት ላይብረሪው ያንን አንብቦ ግማሽ የቀረውን ስራ ይሰርዝና ፋይሉን ወደ ጤናው ይመልሳል። ቆሻሻ መስሎት ያጠፋው፣ ወይም ዋናውን ፋይል ብቻ በፍላሽ ቀድቶ የሄደ ሰው፣ መጠገኛውን ጥሎ ሄዷል። ቅጂ የሚወሰደው በራሱ በላይብረሪው የባክአፕ ጥሪ ነው።

እስካሁን ያነሳኋቸው ስህተቶች ቁጥር ወይም መልእክት አላቸው። እኔን የሚያሳስቡኝ 0 እየመለሱ የሚያልፉት ናቸው፤ እኛ አገር ደግሞ እነሱ ይበዛሉ።

አርሲ ውስጥ የአባላት ስም በቁቤም በግዕዝ ፊደልም ይጻፋል። ፕሮግራመሩ ለስም 30 ባይት መድቦ በቁቤ ስሞች ይሞክረዋል፤ ተራው የቁቤ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ሁሉም ይገባል። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። «ገብረመድህን» ብቻውን 21 ባይት ነው። ከክፍተቱ በኋላ ከአባት ስም ሁለት ፊደል ገብቶ ሦስተኛው ተቆርጦ ከፊሉ ብቻ ይቀራል፤ ስክሪን ላይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይታያል። ኤስኪውላይት የተሰጠውን ባይት ሳይመረምር ያስቀምጣል። ስሙን በጊዜያዊ አሬይ ይዞ «ስታቲክ» ብሎ ባይንድ የሚያደርግ ፈንክሽንም እንዲሁ ነው፦ ፈንክሽኑ ሲመለስ ቦታው ይለቀቃል፣ የሚመዘገበውም በኋላ እዚያ የተገኘው ነገር ይሆናል። «ትራንዚየንት» ቢባል ላይብረሪው የራሱን ቅጂ ይይዝ ነበር።

ቀኑም አለ። የላይብረሪው የቀን ስሌት የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ከህዳር 1 እስከ ታህሳስ 1 ያለውን 30 ቀን በእኛ አቆጣጠር ቁጥር ብንሰጠው 03 እና 04 ወርን እንደ ማርችና ኤፕሪል አይቶ 31 ይላል፤ ብድር ላይ ወለድ የሚያሰላ ማህበር በብዙዎቹ ወሮች ይሳሳታል። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ባዶ ይመልሳል። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ በጎርጎርዮስ አስቀምጦ፣ ሲገባና ሲወጣ በሲ ኮድ መለወጥ ይገባል።

የኩንታል አምድ ኢንቲጀር ተብሎ ተፈጥሮ «አስራ ሁለት» ተብሎ በፊደል ቢሞላበትም ይቀበላል፤ ሲደመር ግን እንደ 0 ይቆጥረዋል። የገበሬው አስራ ሁለት ኩንታል ከድምሩ ጠፋ ማለት ነው። ይህን የሚከለክል «ስትሪክት» የሚባል የሰንጠረዥ ዓይነት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በአዲስ ስራ ላይ ሳይውል መቅረት የለበትም።

ከሁሉም የከፋው የስም ፍለጋ ነው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን አባል ሌላ ሰራተኛ «ሃይሉ» ብሎ ቢፈልገው አያገኘውም። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ፊደላት ለላይብረሪው የተለያዩ ናቸው። ሰራተኛው አዲስ አባል መስሎት ይመዘግበዋል፤ አንድ ገበሬ በሁለት ሂሳብ ይከፈላል። ኤስኪውላይት ለዚህ በር ከፍቷል፦ ፕሮግራመሩ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነእርባታቸው ወደ አንድ የሚያመጣ የሲ ፈንክሽን ጽፎ ላይብረሪው ላይ ማስመዝገብ ይችላል። እንደ ማወዳደሪያ ደንብ ከተመዘገበ ግን ያንን ፈንክሽን የማያውቅ ሌላ ፕሮግራም በስሙ አምድ ላይ ሲፈልግም ሲደረድርም ስህተት ይገጥመዋል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛ አምድ ነው፦ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው በአንዱ ይቀመጣል፣ የተስተካከለው ቅጂ በሌላው ገብቶ ኢንዴክስ ይሰራለታል፣ ፍለጋው በሁለተኛው ይካሄዳል፣ ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ግን የመጀመሪያው ነው።