የቡናማው መስኮት ቀለም ከየት መጣ?

በሚዛን አማንና በቴፒ አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ቡናማ የአልሙኒየም መስኮት ማየት የተለመደ ሆኗል። አብዛኛው ሰው ቀለም የተቀባ ይመስለዋል። አንዳንዱ በእርግጥም የተቀባ ነው፤ ሌላው ግን ቅብ የሚባል ነገር አልነካውም። መለየቱ አይከብድም፤ ፍሬሙን ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርገው ይዩት። ቅብ ከሆነ ብረቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ካልሆነ ግን ከቡናማው ሥር የአልሙኒየሙ ስስ ጭረትና የብረት ወዙ ይታያል።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ፍሬም በሁለት ገንዳ ውስጥ ያለፈ ነው። መጀመሪያ ሰልፈሪክ አሲድ ባለበት ውሃ ይነከርና ከዲሲ ኤሌክትሪክ ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር ይያያዛል። ከ15 እስከ 20 ቮልት ይበቃዋል። የአልሙኒየሙ ገጽ ወደ ኦክሳይድ ይለወጣል፣ አሲዱም ያንኑ ኦክሳይድ ከሥር ከሥሩ ይበላዋል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ሲቦረቡር ቀጥ ብለው ወደ ውስጥ የሚወርዱ ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። አደራደራቸው የሸካና የቤንች ንብ አናቢ አሳምሮ የሚያውቀውን የማር እንጀራ ይመስላል፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች ጎን ለጎን ተጠጋግተው፣ በየመሃላቸው አንድ አንድ ቀዳዳ። ኬለር፣ ሀንተርና ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ቅርጽ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። የአንዱ ቀዳዳ ስፋት 20 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ የስፋቱን አንድ ሺህ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ10 ቢሊዮን በላይ ቀዳዳ አለ።

ቀለሙ የሚመጣው ከሁለተኛው ገንዳ ነው። እዚያ የቲን ጨው ሟሙቷል፤ የሚሰጠውም ኤሲ ኤሌክትሪክ ነው። ቲኑ ከየቀዳዳው ግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ ያድጋል። ከደቂቃ በታች ከቆየ ፍሬሙ ፈዛዛ ወርቅማ ይሆናል፣ ጥቂት ደቂቃ ሲጨመርለት ቡናማ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ሲሄድ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ቲን ራሱ ነጭ ብረት ነው፤ እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። በቀዳዳው ውስጥ እጅግ ደቆ ሲቀመጥ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም፤ ወደ ዓይናችን የሚመለሰው ቡናማው ብቻ ነው። ስልቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከጃፓን የተስፋፋና እስከ ዛሬ በጃፓናዊው በአሳዳ ስም የሚጠራ ነው።

ሳይንቲስቶች በቲን ፈንታ ወርቅ ወይም ብር ሲሞሉበት ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። ድቡልቡል የወርቅ ናኖቅንጣት 520 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ ቀይ ሆኖ ይታያል። ብርሃኑ የሚዋጠው የወርቁን ኤሌክትሮኖች ሲያወዛውዝ ነው። ቅንጣቱ ረዝሞ ዘንግ ከሆነ ግን ኤሌክትሮኖቹ ሁለት ዓይነት መወዛወዝ ይኖራቸዋል፤ አንዱ በወርዱ፣ ሌላው በቁመቱ። ቁመቱ የወርዱን አራት እጥፍ ሲያህል የቁመቱ መወዛወዝ የሚውጠው ብርሃን ወደ 800 ናኖሜትር፣ ዓይናችን ወደማያየው ክልል ይወርዳል። ዘንጎቹ በቀዳዳው ውስጥ ቀጥ ብለው ስለቆሙ ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን በወርዳቸው እንጂ በቁመታቸው ሊያወዛውዛቸው አይችልም። ስስ ገጹን ዘንበል ሲያደርጉት ግን የቁመቱም ይነሣል፣ የሚዋጠው ብርሃንም ይለወጣል። የቀዳዳዎቹን ርቀት የሚወስነው ቮልቱ ነው፤ በኦክሳሊክ አሲድ 40 ቮልት ሲሰጥ 100 ናኖሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የዘንጉን ቁመት ደግሞ ብረቱ የሚሞላበት ጊዜ ይወስነዋል። ማሱዳና ፉኩዳ እ.ኤ.አ. በ1995 ቀዳዳዎቹን በሥርዓት የተሰለፉ ማድረግ ከቻሉ በኋላ ዘርፉ በፍጥነት አደገ። መነሻው አልሙኒየም፣ አሲድና ዲሲ ኤሌክትሪክ በመሆኑ እንደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ላሉ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎች ከብዙዎቹ የናኖ ሥራዎች ይልቅ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ዘንጎቹን ከነቅርጻቸው ለማውጣት የፈለገ ተመራማሪ ኦክሳይዱን በኮስቲክ ሶዳ ያሟሟዋል። ቤት የሚሠራ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም እንደ ኮስቲክ ሶዳ አልካሊ ናቸው። ልስን ሲለሰን ፍሬሙ ላይ የተፈናጠቀው ሲሚንቶ ቀዳዳዎቹን የያዘውን ገጽ ይበላዋል፤ ደርቆ ሲፋቅ የሚቀረው ነጭ ጠባሳም አይለቅም። ስለዚህ መከላከያው ፕላስቲክ ልስኑ ሳያልቅ አይላጥ፤ ከተፈናጠቀም ሳይደርቅ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። በአመድ ወይም በበረኪና መፈተግም ያው ጉዳት ነው።

ለዝናባማው አገራችን ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ ዋና ነው። ፍሬሙ ከቀለሙ በኋላ ሊፈላ በተቃረበ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ኦክሳይዱ ውሃ ይዞ ያብጥና የቀዳዳዎቹን አፍ ይዘጋል። ይህ በጥድፊያ ከታለፈ ቀዳዳው ክፍት ስለሚቀር እርጥበትና ቆሻሻ ይጠጣል። ፋብሪካዎች ገጹ ላይ ቀለም ጠብ አድርገው ይፈትኑታል፤ ታጥቦ ካልለቀቀ በደንብ አልተዘጋም። ገዢም ሻጩን ስለዚህ መዘጋትና ስለ ሽፋኑ ውፍረት ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ ዝናብ ለሚመታው የውጭ መስኮት ከ20 እስከ 25 ማይክሮን ይመረጣል።