የእንቁጣጣሽ ስዕል በማህተም

እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል ለንደን ላይ የገና ካርድ አሳትሞ ለገበያ ካወጣ ወዲህ፣ የሰላምታ ካርድ በብዙ አገር የማተሚያ ቤት ሥራ ሆኗል። የእኛ ግን የልጆች ሥራ ነው። መስከረም 1 ጠዋት ሴቶቹ አደይ ይዘው «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ወንዶቹ የሳሉትን መልአክ፣ ፀሐይ ወይም አበባ ለየቤቱ ያድላሉ፤ በምላሹም ገንዘብ ወይም ዳቦ ያገኛሉ።

በአዲስ አበባ በካዛንቺስና በቂርቆስ ሰፈሮች ሥራው ይጀመር የነበረው ነሐሴ ላይ ነው። አንድ ስዕል አሳምሮ መሳል አይከብድም፤ የሚከብደው ለሃያ ቤት ሃያ ስዕል ማድረስ ነው። አንዱ በመስኮት መስታወት ላይ ወረቀት ደርቦ ይገለብጥ፣ ሌላው ካርቦን ይጠቀም ነበር። ከዚያ ፎቶ ኮፒ መጣና ለልጁ የቀረው ሥራ ቀለም መቀባት ብቻ ሆነ። እኔ ፎቶ ኮፒ ለመታወቂያ እንጂ ለእንቁጣጣሽ አይሆንም ባይ ነኝ። ድካሙን ቀንሶ የልጁን እጅ የማያጠፋው ዘዴ በእጅ የተቀረጸ ማህተም ነው።

ለማህተሙ ትልቅ ላጲስ ይበቃል። ድንችም ይሆናል፤ ለሁለት ተቆርጦ ፊቱ በጨርቅ ይደርቃል፣ ግን በማግስቱ ስለሚጨማደድ የዚያኑ ቀን መጨረስ ነው። ሙሉ አበባ ለመቅረጽ መታገል አያስፈልግም። አንዲት የአደይ አበባ ቅጠል ብቻ ቅረጹና በመሃሉ ዙሪያ እያዞራችሁ ምቱ፤ አበባው ራሱ ይፈካል። ምላጩን ግን ትልቅ ሰው ይያዝ። ቀለሙ ከቀጠነ የተቀረጸው ጎድጓዳ ይሞላና ቅርጹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማህተሙን ቀለም በጠጣ ስፖንጅ ላይ ነካ ማድረግ፣ መጀመሪያ በውዳቂ ወረቀት መሞከር፣ ከዚያ ሳያወዛውዙ ቀጥ አድርጎ መጫን።

ጽሑፍ መቅረጽ ሌላ ጣጣ አለው። ማህተም ሁሉን ገልብጦ ያትማል። «በ» እና «ሰ» ግራ ቀኛቸው ስለሚመሳሰል ብዙም አይታወቅባቸውም፤ «ነ» እና «ረ» ግን ዞረው ይወጣሉ። «እንኳን አደረሳችሁ» ደግሞ የ«ነ»ንም የ«ረ»ንም ቤተሰብ ይዟል። ስለዚህ ጽሑፉን በእጅ ጽፋችሁ ማህተሙን ለስዕል ብትተዉት ይሻላል።

የጀርባው ቀለም ከማህተሙ የፈዘዘ መሆን አለበት። በስፖንጅ ነካ ነካ የተደረገ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከሥሩ በጣት የተሳበ የቄጠማ አረንጓዴ፣ ወይም ከአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የተረጨ ነጠብጣብ ይበቃል። ሳይደርቅ ከታተመበት አበባው ይደፈርሳል። የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ስለሚጨማደድ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት ወፈር ያለውን ግዙ። አንዱን ኤ4 ለሁለት ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ብታጥፉ ሁለት ካርድ ይወጣዋል።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ጠርዙ ነው። የብራና መጻሕፍታችን ገጽ አናት ላይ የሚታየው ሐረግ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ይሄዳል። እሱን በማህተም ማስመሰል ይቻላል፤ ምስጢሩ የማህተሙ ቀኝ ጫፍ ሲያልቅ የግራው ጫፍ የሚጀምርበትን ቦታ አስተካክሎ መቅረጽ ነው። እንዲህ ከሆነ ያችው ትንሽ ላጲስ ደጋግማ ስትታተም አንድ ረጅም ሐረግ ትሆናለች። ጥቂት ብትዛነፍም አያስነውርም፤ የእጅ ሥራ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው።

ካርዱ መታጠፉም ዛሬ ጠቃሚ ነው። የድሮው ስዕል ከጎረቤት ደጃፍ አያልፍም ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ነባሩ የካዛንቺስ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነዋሪው ተበተነ፤ ብዙዎች ገላን ጉራ ገቡ። እዚያ የገባ የቀድሞ ጎረቤት ካላችሁ ልጆቻችሁን ነሐሴ ላይ ሥራ አስጀምሯቸው፤ ካርዱ በደንብ ሲደርቅ ፖስታ ውስጥ ከታችሁ ራሳችሁ አድርሱለት።