ሯጩ ልጃችሁና የ9ኛ ክፍል ካርድ

ልጃችሁ ይሮጣል? በፍላቂትና በዙሪያዋ ለምንኖር ይህ እንግዳ ጥያቄ አይደለም። ከመቄት ገጠር ቀበሌዎች ተነሥቶ በእግሩ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እየተነፈሰ ያደገ ልጅ፣ ማንም ሳያሠለጥነው ሳንባው ሠልጥኗል። ታዲያ በትምህርት ቤቶች ውድድር አንደኛ ሲወጣ አንድ ሰው ያየዋል። «ይህ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? አዲስ አበባ ይሂድ እንጂ» ይላል። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። ገና 9ኛ ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ የሚሆነውን በምክር አገልግሎታችን ደጋግመን አይተነዋል። አባት «ዕድሉ እንዳያመልጠው ይሂድ» ይላል፤ እናት «ትምህርቱን ይጨርስ» ትላለች፤ አንዳንዴም ተገላቢጦሽ ይሆናል። ባልና ሚስት ተኮራርፈው ልጁ በመካከላቸው ይቀመጣል። ሁለቱም የሚከራከሩት «ወይ እግር፣ ወይ ደብተር» በሚል አሳብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላሳያችሁ የምፈልገው ሁለቱን መለየት ልጁን ከሁለቱም በር እንደሚያስቀረው ነው።

ገብረሥላሴ የወለደው ኃይሌ በአሰላ አካባቢ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ደብተሩን በግራ እጁ ይይዝ እንደነበረ፣ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም ግራ እጁ አጠፍ እያለ ይሮጥ እንደነበረ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሲፋን ሐሰንም እ.ኤ.አ. በ2008 በ15 ዓመቷ ኔዘርላንድ ደርሳ ሩጫውን ከነርስነት ትምህርቷ ጋር ጎን ለጎን ነው የያዘችው፤ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን አሸነፈች።

ለእኛ የሚጠቅመው ትልቁ ምሳሌ ግን ከጎረቤታችን ከኬንያ የሚገኝ ነው። ማይክ ቦይት በ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር ነሐስ ያገኘ ሯጭ ነው። ይህ ሰው አሜሪካ ተምሮ እስከ ዶክትሬት ደረሰ፤ በአገሩም የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጆን ማነርስ ከሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ጋር ሆኖ «ኬንሳፕ» የሚባል ፕሮግራም አቋቋመ። ከሪፍት ቫሊ ደጋ የወጡ የድሃ ቤተሰብ ልጆችን እንደ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ላሉ፣ ለመግባት እጅግ ለሚያስቸግሩ ዩኒቨርሲቲዎች ያዘጋጃል። አመራረጡን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ የተጠየቀው የብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። ውጤቱ ከፍተኛ የሆነው ተጠራ፤ ከተጠሩት መካከል ደግሞ የሚሮጥ እንዳለ ለማየት 1,500 ሜትር አሮጧቸው። ውጤት የሌለው ፈጣን ልጅ ለሩጫው መስመር እንኳ አይደርስም ነበር። ከእነርሱ አንዱ ፒተር ኮስጌይ ሃሚልተን ኮሌጅ ገብቶ በሦስተኛው ዲቪዚዮን በመሰናክል የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። በዚህ ዲቪዚዮን ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ የትምህርት ዕድል ፈጽሞ የለም። ልጁን ያስገባው ትምህርቱ ነው።

ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያሉበት አይቪ ሊግም እንዲሁ ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። አሠልጣኙ «ይህን ልጅ እፈልገዋለሁ» ብሎ ለተቀባዮቹ መናገር ይችላል፤ ገንዘቡ ግን የሚሰጠው የቤተሰቡ አቅም ታይቶ ነው። እነዚህ ሦስቱ የውጭ አገር ተማሪም ቢሆን መክፈል ባለመቻሉ አይጥሉትም፤ ካለፈ የጎደለውን ይሸፍናሉ። ለሩጫ ብለው ስኮላርሺፕ የሚሰጡት የአንደኛ ዲቪዚዮን ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ብዙ ናቸው። እዚያም ቢሆን ኤን ሲ ኤ ኤ የተባለው የስፖርት ማኅበር ከሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ቆጥሮ ነው ልጁን ብቁ የሚለው። ቆጠራው የሚጀምረው ከ9ኛ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። የብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚዘጋው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው። የእኛ የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በክረምት መግቢያ ይሰጣል፤ ውጤቱ የሚታወቀው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ 12ኛ ክፍል እየተማረ በሚያመለክት ልጅ ላይ የሚፈርዱት የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ካርዶቹን አይተው ነው። 15 ዓመቱ ላይ ትምህርቱን አቋርጦ የሄደው ልጅ የሚያጣው ይህንኑ ካርድ ነው።

«የውጭው ይቅርብን፣ እዚሁ ይግባ» የምትሉም አላችሁ። መልካም ነው፤ ነገር ግን በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በፈተና ውጤት እንጂ በሜዳልያ አይደለም። በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ሆኑ። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍልም ቢሆን በዚሁ በር ነው የሚገባው። እንደ ንግድ ባንክና መቻል ያሉ ክለቦች ለአትሌቶቻቸው ደመወዝ መክፈላቸው እውነት ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ግን ከሚሮጡት ጥቂቱ ነው። ጉልበቱ ታሞ የሚመለሰውም ልጅ የእኛው ልጅ ነው።

ስለ ወረቀት ልናገር፤ እዚህ ላይ ጠንከር ማለቴን ፍቀዱልኝ። «ዕድሜው ትንሽ ይቀነስ» የሚል ምክር ከአንዳንድ አሠልጣኝ፣ ከአንዳንድ ዘመድም ይመጣል። በወጣቶች ውድድር ላይ እንዲያሸንፍ ነው። ወገኖቼ፣ ይህ በምሳሌ 11፥1 እግዚአብሔር እንደሚጠላው የተነገረለት ሐሰተኛ ሚዛን ነው። ደግሞም አይጠቅምም። ዩኒቨርሲቲዎቹ የትምህርት ቤት ካርዱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ሦስቱ ካልተስማሙ ልጁ ውሸታም ይባላል።

ሳይዋሹ የሚሳሳቱም አሉ፤ ይህ ከዘመን አቆጣጠራችን የሚመጣ ነው። በ2000 ዓ.ም ጥቅምት የተወለደ በፈረንጆቹ 2007 ነው፤ በዚያው ዓመት የካቲት የተወለደው ግን 2008 ነው። አንዱ ቢሮ ሰባት፣ ሌላው ስምንት ሲጨምር ልጁ ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል። የአያት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍም እንዲሁ በየወረቀቱ ይለያያል። ይህን በ9ኛ ክፍል አስተካክሉት እንጂ በማመልከቻው ሳምንት አይሆንም። በ2013 ዓ.ም ማብቂያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርት የተቋረጠባቸው ወራት አሉ። ልጁ ያልተማረውን ወር ተማርሁ አይበል፤ ርእሰ መምህሩ ሁኔታውን በደብዳቤ ይግለጽለት። የተዘጋ ትምህርት ቤት የልጁ ነውር አይደለም።

የሩጫ ሰዓቱም እንዲሁ በእውነት ይጻፍ። በሜዳ ላይ በስልክ የተያዘ ሰዓት ብዙ አያሳምንም፤ በተለካ ትራክ በዞን ወይም በክልል ውድድር የተመዘገበ ይሻላል። በከፍታ ላይ ረጅም ርቀት ሲሮጥ ሰዓቱ እንደሚዘገይ አሠልጣኞቹ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ውድድሩ የተደረገበት ቦታና ከፍታው አብሮ ይጠቀስ። ማናጀር ነኝ ብሎ ውል ለሚያስፈርም ወይም «ስኮላርሺፕ አወጣለታለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» ለሚል ሰው ፊርማም ብርም አትስጡ። ከተማሪነት በፊት የተቀበለው የሽልማት ገንዘብም ኋላ ስለሚመረመር ሕጉን ከራሱ ከማኅበሩ አጣሩ፤ በየጊዜው ይለዋወጣል።

አንዳንድ አማኝ ወላጆች ይህን ሁሉ ዓለማዊ ሩጫ ይሉታል። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞ. 4፥8 የሰውነት ልምምድን ጥቅም ከእግዚአብሔር መምሰል አሳንሶ አስቀመጠው እንጂ ከንቱ አላለውም። ዳንኤልና ጓደኞቹም የባዕድ አገር ቋንቋና መጻሕፍት ሦስት ዓመት ተምረዋል (ዳን. 1)፤ በማዕዱ ላይ እምቢ ያሉት ልጆች በትምህርቱ ላይ እምቢ አላሉም። እሑድን በተመለከተ፣ ሳምንታዊው ረጅም ልምምድ ቅዳሜ ሊሆን ይችላልና ልጁ ከጉባኤ አይለይ። በዓመት አንዴ ውድድር እሑድ ቢውል ግን ከኋላው አታንሾካሹኩበት።

የዕለቱ ኑሮ ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ተማሪዎች ከገጠር መጥተው ፍላቂት ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ እየመጣላቸው የሚማሩ ናቸው። በብርዱ ማለዳ የሮጠ ልጅ በጥቂት ቆሎ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ አይገባውም። ስንቁን ስታዘጋጁ ባቄላና ሽምብራ ጨምሩበት፤ ከፈተና በፊት ባሉት ሳምንታትም ልምምዱ ይቀነስ። ሴት ልጅ ከሆነች ውኃና እንጨቱን ወንድሟ ይካፈላት፤ ማለዳ ስትሮጥ አብሯት የሚሆን ሰው ይኑር። ይህ የአባት ሥራ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ማታ ማታ አንድ ክፍል ብርሃን ያለው ከፍተው፣ እንግሊዝኛ የሚያስጠና አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ይመድቡ። መጋቢ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍ ሲጠየቅ «መልካም ምግባር ያለው» ብሎ ማኅተም ከሚመታ፣ ልጁ በመዘምራን ልምምድ በሰዓቱ እንደሚመጣ፣ ለታናናሾቹ ሒሳብ እንደሚያስጠና፣ ያየውን ይጻፍ። ደብዳቤው በታኅሣሥ የሚፈለግ ከሆነ በኅዳር ይጠየቅ።