ሰው ሲወድቅ ሳይሆን ጥያቄ ሲነሣ

ጡረታ እስክወጣ የመንግሥት ድርጅቶችን ሒሳብ ስመረምር የኖርኩ የሾላ ገበያ ሰፈር ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ ስለ ሾላ ወተት ባነሱ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ይላሉ፦ «በስንት ተሸጠ? ማን ገመተው?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1939 ዓ.ም. ገደማ በእርዳታ በመጡ 300 ያህል የወተት ከብቶች የተጀመረው ይህ የሾላ ወተት ሥራ፣ በደርግ ዘመን የወተት ልማት ድርጅት ተብሎ የሕዝብ ንብረት ነበር፤ በሚሌኒየሙ ገደማ ወደ ግል ኩባንያው ሚድሮክ ዞረ። ሽያጩ ጉድለት ነበረበት አልልም። የሕዝብ ንብረት ሲሸጥ ግን ሕዝብ የሚጠይቀው በጊዜው መልስ ማግኘት አለበት።

የእኛ ልማድ ሌላ ነው። የፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ የተቋቋመው በ1986 ዓ.ም. ነው። የፀረ ሙስና ኮሚሽን የመጣው ግን ግንቦት 1993 ዓ.ም.፣ በሥልጣን ላይ የነበረው ሕወሓት በተሰነጠቀ ማግስት ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች መካከልም የኤጀንሲው የቀድሞ ኃላፊ ይገኙበታል። የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ለቁርጥራጭ ብረት ተብለው ከመንግሥት የመርከብ ድርጅት የገዛቸውን ሁለት መርከቦች ለንግድ ማሰማራቱን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በይፋ የነገሩንም ኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ ሥልጣን እጅ ከለወጠ በኋላ ነው። ሁለቱም ጊዜ ሰዉ «ፍትሕ ነው ወይስ ቂም?» ብሎ ተጠራጠረ።

እንግሊዞች የፖስታ ድርጅታቸውን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 አክሲዮኑን በ330 ፔንስ ሸጡ። በመጀመሪያው ቀን ገበያው ሲዘጋ 455 ደርሶ ነበር። የሒሳብ መርማሪው መሥሪያ ቤት ማንም ከሥልጣን እስኪወርድ ሳይጠብቅ በቀጣዩ ሚያዝያ መጀመሪያ ሪፖርቱን አወጣ። የታሰረ ሰው የለም፤ ዋጋው እንዴት እንደተወሰነ ግን ሁሉም አወቀ።

ልዩነቱን እንለይ። ይፋዊ ምርመራ «ምን ተደረገ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፖሊስ «ማን አጠፋ?» ይላል። ለመጀመሪያው ጥፋት መረጋገጥ የለበትም፤ ምልክት ይበቃዋል። በሥራ ዘመኔ የምጠብቃቸው ምልክቶች አራት ነበሩ፦ ንብረቱ ከግምቱ እጅግ ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ፣ ጨረታው ሲዘለል ወይም ተጫራቹ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ገዢው ክፍያውን ሳያጠናቅቅ ንብረቱን ለሌላ ሲያስተላልፍ፣ ንብረቱ ከውሉ ዓላማ ውጭ ሲውል። የመርከቦቹ ጉዳይ አራተኛው ነው። አንዱ ምልክት በታየ ጊዜ ሰነዱ መታሸግ አለበት፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ፋይል ይጠፋል፣ ምስክር ይሞታል።

ሽያጩ ዛሬም አልቆመም። አዋጅ ቁጥር 1206/2012 መንገዱን ከፍቷል፤ የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻም በ2017 ዓ.ም. አንዱ አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ቀርቧል። ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እነዚህን ምልክቶች በሕግ ያስፍር፤ አንዱ ሲታይ ዋና ኦዲተር የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ምርመራ ይክፈት፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነበብ። እኛም ሻጮቹ በሥልጣን ላይ እያሉ እንጠይቅ።