የብርጭቆ ወረቀቱ ዋጋ

ዱባይ ውስጥ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ክሪኬትን ሳያውቁ መኖር አይቻልም። ባልደረቦቼ አብዛኞቹ ፓኪስታናውያንና ሕንዳውያን ናቸው። ጨዋታ ባለ ቀን አንዱ ስልኩን ሙጫው ጣሳ ላይ አስደግፎ ይከፍተዋል፤ ሌሎቻችን እየላግን በጆሮ እንከታተላለን። እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝና የማረከኝ ጨዋታው ሳይሆን ቅጣቱ ነው። እግር ኳስ ላይ ዳኛው ቀይ ካርድ ይመዛል፣ አለቀ። እዚህ ግን አጥፊው አብዛኛውን ጊዜ መጫወቱን ይቀጥላል፤ ክሱ የሚታየው በኋላ ነው። ጥፋቱ በአራት ደረጃ ይመደባል። ቀላሉ ከጨዋታ ክፍያ ላይ ተቆርጦ ያልፋል፣ የቅጣት ነጥብም ይመዘገብበታል። በ24 ወር ውስጥ 4 ነጥብ ያጠራቀመ ይታገዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ቪራት ኮህሊ ሜልበርን ላይ የ19 ዓመቱን ሳም ኮንስታስን በትከሻ ሲገጨው የተቀጣው የክፍያውን 20 በመቶና 1 ነጥብ ነበር። ለኮህሊ ኪስ የሻይ ሒሳብ!

እኛ ሥራ ቤት እስካሁን የሚያከራክረው ግን የ2018ቱ የኬፕታውን ጉዳይ ነው። አውስትራሊያ ከደቡብ አፍሪካ ስትጫወት፣ ካሜሮን ባንክሮፍት የተባለ ወጣት ኳሷን በቢጫ ነገር ሲያሽ፣ ከዚያም ያንኑ ሱሪው ውስጥ ሲሸሽግ ካሜራ ያዘው። የክሪኬት ኳስ ቆዳ ለብሳለች። ተጫዋቾቹ አንዱን ጎኗን በልብሳቸው ያወለውሉታል፤ ሌላው እየሻከረ ይሄዳል። ያኔ አየሩ በሁለቱም በኩል እኩል አያልፍም፤ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የምትወረወረው ኳስ መቺው ዘንድ ልትደርስ ስትል ትታጠፋለች። ማወልወል ይፈቀዳል፣ መፋቅ ክልክል ነው። ቢጫው ነገር መጀመሪያ ፕላስተር ነው ተባለ። ብርጭቆ ወረቀት መሆኑ የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ቆዳን ምን እንደሚያደርግ ለአናጺ አይነገረውም። የሚገርመው፣ ዳኞቹ ኳሷን አገላብጠው አይተው ለመለወጥ የሚያበቃ ጉዳት አላገኙባትም።

መቀመጫው እዚሁ ዱባይ የሆነው ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት አምበሉን ስቲቭ ስሚዝን 1 ጨዋታ አገደው፣ ክፍያውንም ሙሉ በሙሉ ወሰደበት። ባንክሮፍት 75 በመቶ ተቆረጠበት እንጂ ምክር ቤቱ አላገደውም። በዚያው ሰሞን ደቡብ አፍሪካዊው ካጊሶ ራባዳ ስሚዝን በትከሻ ነካ ተብሎ፣ የቀድሞ ነጥቦቹ ተደምረውበት 2 ጨዋታ ታግዶ ነበር፤ ይግባኝ ብሎ ነው ያመለጠው። የባላጋራው አምበል ፋፍ ዱ ፕሌሲስም ንጹሕ አልነበረም። በ2013 እዚሁ ዱባይ ስታዲየም ኳሷን ከሱሪው ዚፕ ጋር ሲያፋትግ ተይዞ የክፍያውን 50 በመቶ ተቀጥቷል። በ2016 ደግሞ ከረሜላ በአፉ ይዞ ኳሷን በምራቁ ሲያሽ ታየና ሙሉ ክፍያውን አጣ። ሁለቱንም ጊዜ አልታገደም።

አውስትራሊያውያንን የጣላቸው የገዛ ፌዴሬሽናቸው ነው። ስሚዝንና ምክትሉን ዴቪድ ዋርነርን ለ12 ወር፣ ባንክሮፍትን ለ9 ወር አገደ። ዋርነር ከዚያ ወዲያ የአመራር ቦታ እንዳይዝም ወሰነ። በዛ የሚሉ አሉ፤ ከፔሻዋር የመጣው ባልደረባዬ አንዱ ነው። «ባይ (ወንድሜ)፣ ሁሉም ኳስ ይነካካል» ይለኛል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ዱ ፕሌሲስ ያደረገውን በገዛ እጁ አደረገ። እነዚህ ግን ለቡድኑ አዲስ የሆነውን ልጅ አሰማሩት። ፌዴሬሽኑ እንዳረጋገጠው ሐሳቡን ያመነጨው ዋርነር ነው፤ እንዴት እንደሚፋቅ ጭምር አሳይቶታል። ስሚዝ ዕቅዱን እያወቀ አላስቆመም። ከዚያ ስሚዝና ባንክሮፍት ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ስለ ፕላስተር አወሩ። የምክር ቤቱ ደንብ የሚለካው ኳሷን ነው፤ ፌዴሬሽኑ የለካው ውሸቱን ነው። ደንቡም ቢሆን በዚያው ዓመት ጠበቀ፤ ኳስ መፋቅ ዛሬ እስከ 6 የቴስት (የረጅሙ የክሪኬት ዓይነት) ጨዋታ ያሳግዳል።

ስሚዝ ታኅሣሥ 2021 አንድ ጨዋታ ላይ ተተክቶ አምበልነቱን ቀመሰ። የዋርነር የአመራር ዕገዳ የተነሣው ጥቅምት 2024 ነው፤ ለብሔራዊ ቡድኑ መጫወቱን ካቆመ ከወራት በኋላ። ይህቺን ሳነሣበት ብቻ ነው ፔሻዋሬው «አሁንስ አበዙት» ሲል ከእሱ ጋር የምስማማው።