ሂው ማኩሎክ

ሂው ማኩሎክ (ዲሴምበር 7 ቀን 1808 – ሜይ 24 ቀን 1895 እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠበቃ፣ የባንክ ባለሙያና ፖለቲከኛ ነበሩ። በሊንከን፣ በጆንሰንና በአርተር ዘመነ ፕሬዚዳንትነት የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል።

የተወለዱት በሜይን ግዛት በኬነበንክ ከተማ ነው። ሕግ ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1833 ወደ ኢንዲያና ግዛት ሄደው በፎርት ዌይን ከተማ ጥብቅና ጀመሩ። ጥብቅናው ግን ብዙ አልቆየም፤ በ1835 የኢንዲያና ስቴት ባንክ የፎርት ዌይን ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1857 የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ብዙዎቹ የአገሪቱ ባንኮች የወረቀት ገንዘባቸውን በወርቅና በብር መለወጥ ሲያቆሙ፣ እሳቸው የሚመሩት ባንክ መክፈሉን አላቋረጠም። ስማቸው ከኢንዲያና ውጭ የተሰማው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ በየግዛቱ ያሉ ባንኮች የየራሳቸውን የወረቀት ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። መንግሥት ብሔራዊ የባንክ ሕግ ሲያዘጋጅ፣ ማኩሎክ የግዛት ባንኮችን ይጎዳል ብለው በ1862 ሕጉን ለመቃወም ዋሽንግተን ድረስ ሄዱ። የሚገርመው፣ ሕጉ በ1863 ሲጸድቅ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሳልሞን ቼዝ ሥራውን እንዲመሩ የጋበዙት እኚሁኑ ተቃዋሚ ነው። ማኩሎክም ግብዣውን ተቀብለው የመጀመሪያው የብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪ ሆኑ። በሕጉ መሠረት አንድ ባንክ የመንግሥት ቦንድ ገዝቶ በመንግሥት ግምጃ ቤት ካስያዘ በኋላ፣ ከቦንዱ ዋጋ እስከ 90 በመቶ የሚደርስ የወረቀት ገንዘብ ይሰጠዋል። ስለዚህ ባንኩ ቢከስር እንኳ የወረቀቱ ባለቤት ገንዘቡን አያጣም፤ መንግሥትም ለእርስ በርስ ጦርነቱ ብድር ያገኛል።

በማርች 1865 የገንዘብ ሚኒስትር ሲሆኑ ትልቁ ጥያቄ «ግሪንባክ» የሚባለው፣ ለጦርነቱ የታተመውና በወርቅ የማይለወጠው የወረቀት ገንዘብ ነበር። ማኩሎክ ይህን ገንዘብ ለጦርነት ጊዜ ብቻ የተፈቀደ አድርገው ስለቆጠሩት ቀስ በቀስ ሰብስበው ወደ ወርቅ ለመመለስ ተነሡ። በ1866 የወጣው ሕግ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት 10 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያም በየወሩ ከ4 ሚሊዮን ያልበለጠ እንዲሰበስቡ ፈቀደላቸው። ገንዘብ ሲያንስ ግን የእህልና የዕቃ ዋጋ ይወድቃል፣ የተበዳሪው ዕዳ ደግሞ እንዳለ ይቆያል። በዚህ የተነሣ በተለይ በምዕራብ፣ ማለትም በማኩሎክ በራሳቸው አካባቢ፣ ቅሬታው በረታ። ምክር ቤቱም በፌብሩዋሪ 1868 መሰብሰቡን አስቆመ። ግሪንባክ በወርቅ መለወጥ የጀመረው እሳቸው ሥልጣን ከለቀቁ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1879 ነው።

ማኩሎክ በ1869 ከሥልጣን ወርደው በለንደን የባንክ ሥራ ሠሩ። በ1884 ፕሬዚዳንት አርተር ለጥቂት ወራት ወደ ሚኒስትርነቱ መለሷቸው። ትዝታቸውን በ1888 በመጽሐፍ አሳትመዋል።